ግማሽ ሚሊሜትር

ጁላይ 7 ቀን 1939 የሰማንያ ዓመቱ አዛውንት አውሬል ስቶዶላ ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ አዲስ ማሽን ሊፈትኑ ተገኙ። (በዚህ ምዕራፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስቶዶላ በዙሪክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ስለ ተርባይን ያስተማሩ፣ የጻፉትም መጽሐፍ ለአንድ ትውልድ መሐንዲሶች መመሪያ የሆነ ሰው ናቸው። ማሽኑ ደግሞ ብራውን ቦቬሪ ለኑሻቴል ከተማ የሠራው፣ ለሕዝብ ኤሌክትሪክ በማመንጨት በዓለም የመጀመሪያው የሆነው ጋዝ ተርባይን ነው። ከዚያ ፈተና ሦስት ቁጥሮችን ልብ በሉልኝ። ተርባይኑ ያመነጨው ኃይል 15,400 ኪሎዋት፣ ኮምፕረሰሩ ከዚያ ላይ የወሰደው 11,400 ኪሎዋት፣ ለጄነሬተሩ የተረፈው 4,000 ኪሎዋት።

ጋዝ ተርባይን ማለት ይኸው ነው። ከፊት ያለው ኮምፕረሰር አየር ይጨምቃል፤ መሐል ላይ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ከኋላ ያለው ተርባይን ከጋለው ጋዝ ጉልበት ይቀበላል። ተርባይኑና ኮምፕረሰሩ በአንድ ዘንግ የተያያዙ በመሆናቸው ተርባይኑ ካገኘው ላይ አብዛኛውን እዚያው ለኮምፕረሰሩ ይገብራል። እኛ የምንጠቀመው ትርፉን ነው። አሁን ኮምፕረሰሩ ትንሽ ሰነፈ እንበል፤ ያንኑ አየር ለመጨመቅ 1 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ጠየቀ። የ11,400 አንድ በመቶ 114 ነው። ይህ 114 ኪሎዋት የሚቀነሰው ግን ከ4,000ው ላይ ነው፤ ከተማዋ ልታገኝ ከሚገባት ወደ 3 በመቶ የሚጠጋው ጠፋ ማለት ነው። ስንፍናው 35 በመቶ ቢደርስ ማሽኑ እየጮኸና ነዳጅ እየበላ፣ አንዲት አምፖል እንኳ ሳያበራ ይሽከረከራል። ከኑሻቴል በፊት ጋዝ ተርባይን ለመሥራት ከተነሱት ሰዎች ብዙዎቹ የወደቁት እዚህ ላይ ነው። ኖርዌያዊው ኤጊዲየስ ኤሊንግ በ1903 ራሱን አሽከርክሮ ትርፍ የሚሰጥ ማሽን ሲሠራ ትርፉ 11 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን በታሪክ ተመዘገበለት።

ኮምፕረሰሩን የሚዘርፉት ብዙ ናቸው። አየሩ እሱን ከሚገፉት ስስ ክንፎች፣ ከብሌዶቹ፣ ገጽ ጋር ይፋተጋል፣ ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል፤ የብሌዱ ጫፍ ከድምፅ በላይ ሲፈጥን ደግሞ የአየር ሞገድ ተጨማሪ ጉልበት ያባክናል። በእነዚህ ላይ ሊቃውንቱ ብዙ ሠርተው ብዙ አሸንፈዋል። እኛ የምንቆየው ከሁሉም ቀላል መስሎ ከሁሉም እምቢተኛ በሆነው ላይ ነው፦ በብሌዱ ጫፍና ዙሪያውን በከበበው የሞተሩ ግድግዳ፣ በኬዙ፣ መካከል ባለው ባዶ ቦታ። መካኒኮቹ ቲፕ ክሊራንስ ይሉታል፤ እኔ የጫፍ ክፍተት እያልሁ እቀጥላለሁ።

በዛሬው የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ኮምፕረሰሩ በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ ብሌዶች ናቸው። አንዱ ረድፍ ከዘንጉ ጋር ይዞራል፤ ቀጥሎ ያለው በኬዙ ላይ ተተክሎ ይቆማል። የሚዞረው አየሩን ያፈጥነዋል፤ የቆመው ያን ፍጥነት ወደ ግፊት ይለውጠዋል። ሁለቱ አንድ ላይ አንድ ደረጃ ይባላሉ። አንድ ደረጃ ብቻውን ብዙ አይሠራም። የመጀመሪያዎቹ ጂኢ90 ሞተሮች ዋናው ኮምፕረሰር አሥር ደረጃ ኖሮት ግፊቱን 23 እጥፍ ያደርስ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ ስናካፍለው 1.37 እጥፍ ገደማ ነው። አየር በራሱ ፈቃድ ግፊት ወደ በዛበት አይሄድም። ኮምፕረሰር አሥር ጊዜ በግድ ወደ ዳገት ይገፋዋል፤ አየሩ ደግሞ በየደረጃው የሚመለስበትን መንገድ ይፈልጋል።

መንገዱን የሚያገኘው በብሌዱ ጫፍ በኩል ነው። እያንዳንዱ ብሌድ እንደ ክንፍ ሁለት ገጽ አለው፤ በአንደኛው ግፊቱ ከፍ፣ በሌላኛው ዝቅ ያለ ነው። ብሌዱ ሥራ የሚሠራው በዚህ ልዩነት ነው። የብሌዱ ሥር ከዘንጉ ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የተተከለ ስለሆነ በዚያ በኩል ማለፊያ የለም። ጫፉ ግን ከኬዙ ጋር አይነካካም። ስለዚህ አየሩ ጫፉን ተሻግሮ ግፊት ከበዛበት ገጽ ወደ ቀነሰበት ይሾልካል፤ የሚሾልከውም ዝግ ብሎ ሳይሆን እንደ ስስ ጄት ተወርውሮ ነው። ማዶ ሲደርስ በራሱ አቅጣጫ የሚጓዘውን ዋናውን አየር ያገኘዋል። ሁለቱ አገዳድመው ይጋጫሉ፣ ይጠቀለላሉ፣ አዙሪት ይሆናሉ። አዙሪቱም በሁለት ብሌዶች መሐል ባለው መተላለፊያ ውስጥ እየሰፋ ወደ ኋላ ይጓዛል።

ይህን ሥዕል በስሌት መልክ ካስቀመጡት ቀዳሚዎች አንዱ ዲን ሬይንስ ነው፤ በ1954 በካሊፎርኒያው ካልቴክ በኮምፕረሰሮችና በፓምፖች የጫፍ ፍሰት ላይ የዶክትሬት ጥናቱን አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ጄቱን የሚወረውረው በሁለቱ የብሌድ ገጾች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከሆነ፣ ልዩነቱን ያወቀ ሰው የጄቱን ፍጥነት ማስላት ይችላል። ከሰባ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ሐሳብ ዛሬም የመጀመሪያ ግምት ለማግኘት ያገለግላል።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኪሳራው የሾለከው አየር ራሱ ይመስለናል፤ የተጨመቀው አምልጦ ወደ ፊት ተመለሰ ብለን። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የሾለከው አብዛኛው አየር ከቀሪው ጋር ተቀላቅሎ ወደ ኋላ መጓዙን ይቀጥላል፤ ከሞተሩ አልጠፋም። የጠፋው ጥራት ነው። የካምብሪጁ ጆን ዴንተን በ1993 የተርባይንና የኮምፕረሰር ኪሳራ ከየት እንደሚመጣ በአንድ ሰፊ ጽሑፍ ሲዘረዝር ጣቱን ያሳረፈው በመቀላቀሉ ላይ ነው። በተለያየ ፍጥነትና በተለያየ አቅጣጫ የሚሮጡ ሁለት የአየር ፍሰቶች ሲቀላቀሉ የነበራቸው እንቅስቃሴ በከፊል ወደ ተራ ሙቀት ይለወጣል፤ ያ ሙቀት ደግሞ ተመልሶ ግፊት አይሆንም። በዚህ ላይ ሁለተኛ በደል ይጨመራል። አዙሪቱ ባለበት ከኬዙ አጠገብ አየሩ ስለሚዘገይ መተላለፊያው የጠበበ ያህል ይሆናል፤ ቀጥሎ ያለው ረድፍም ባልታሰበለት ማዕዘን የሚመጣ አየር ይቀበላል። የአንዱ ረድፍ ጥፋት ለሌላው ይተላለፋል።

ስንት ያስከፍላል? በሙያው ውስጥ የሚነገረው ጥቅል መለኪያ ይህ ነው፦ የጫፍ ክፍተቱ በብሌዱ ቁመት 1 በመቶ ልክ ሲጨምር የደረጃው ቅልጥፍና ከአንድ እስከ ሁለት የመቶኛ ነጥብ ይወርዳል። ዋናው ቃል “በብሌዱ ቁመት” የሚለው ነው። አየሩ እየተጨመቀ ሲሄድ የሚይዘው ቦታ ስለሚቀንስ መተላለፊያው ከፊት ወደ ኋላ ይጠባል፤ ብሌዶቹም ያጥራሉ። የፊተኛው ብሌድ ሃያ ሴንቲሜትር፣ የመጨረሻው ሁለት ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ለፊተኛው የቁመቱ ሩብ በመቶ ነው፤ ማንም አይቆጥረውም። ለኋለኛው ግን 2.5 በመቶ ነው፤ በመለኪያው ስንሄድ ከሁለት ተኩል እስከ አምስት ነጥብ ቅልጥፍና ይበላል። እንዲያውም ጭንቀቱ ሁሉ ያለው ከኋላ ነው፤ ሙቀቱም፣ ግፊቱም፣ የብሌዱም ማጠር እዚያ ተገናኝተዋል።

ታዲያ ለምን ጠበብ አድርገው አይሠሩትም? የፋብሪካው ማሽን የሚሊሜትርን መቶኛ አስተካክሎ መቁረጥ ይችላል። ችግሩ ፋብሪካው የሚለካው የቀዘቀዘ፣ የቆመ ሞተር መሆኑ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ሌላ ነገር ይሆናል። ከዘንጉ መሐል እስከ ብሌዱ ጫፍ ሠላሳ ሴንቲሜትር የሆነ የኒኬል ቅይጥ በ500 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ያድጋል። ኬዙም በበኩሉ ያድጋል። በዚህ ላይ መሽከርከሩ ብሌዱንና ዲስኩን ወደ ውጭ ይስባቸዋል፤ የስበቱ ኃይል ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ስበቱ አራት እጥፍ ነው። እንግዲህ የምንፈልገው ክፍተት ከሚሊሜትር በታች፣ የሚላወሱት ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ናቸው። በሁለት ትልልቅ ቁጥሮች መካከል የሚገኝ ትንሽ ልዩነት ነው፤ እንዲህ ያለ ልዩነት መቼም ቢሆን እምነት የማይጣልበት ነው።

ሁለቱ በእኩል ፍጥነት ቢያድጉ ኖሮ ግን ችግሩ ይቃለል ነበር። አያድጉም። ኬዙ ስስ ብረት ነው፤ ዲስኩ ወፍራም ነው። የእንጀራ ምጣድና የቡና መቁያ ብረት ምጣድ ባንድ ጊዜ እሳት ላይ ቢጣዱ ብረቱ ወዲያው ይግላል፣ ሸክላው ገና ይሰማዋል፤ እሳቱ ሲጠፋም ብረቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሸክላው ግለቱን ይዞ ይቆያል። ኬዙና ዲስኩም እንዲሁ ናቸው። አብራሪው ለመነሳት የሞተሩን የኃይል መቆጣጠሪያ ወደ ፊት ሲገፋ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች መሽከርከሩ ብሌዶቹን ወደ ውጭ ይስባቸዋል፤ ክፍተቱ ይጠባል። ከዚያ ኬዙ በፍጥነት ሞቆ ይሰፋል፤ ክፍተቱ ይከፈታል። ዲስኩ ግን ሙቀቱን ጠጥቶ እስኪጨርስ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ እሱ ሲደርስ ክፍተቱ እንደገና ይጠባል። በአንድ መነሳት ውስጥ ይህ ሁሉ ይሆናል።

ከዚህ የከፋው ተቃራኒው ነው። አብራሪው ኃይሉን ይቀንሳል፤ ኬዙ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ይሰበሰባል። ዲስኩ ገና ትኩስ ነው፣ እንደሰፋ ነው። በዚህ ጊዜ ማረፉ ተሰርዞ ሙሉ ኃይል እንደገና ቢጠየቅ፣ የተሰበሰበ ኬዝ ውስጥ የሰፋ ሮተር፣ ማለትም ዲስኩ ከነብሌዶቹ፣ በሙሉ ፍጥነት ይሽከረከራል። ብሌዶቹ ኬዙን ይፍቁታል። ንድፍ አውጪው ክፍተቱን የሚወስነው ለዚህች ቅጽበት ነው። አውሮፕላኑ አሥር ሰዓት በእርጋታ ሲበር ሁሉም ነገር ሞቆ ተመጣጥኖ ክፍተቱ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፍቶ ይቀመጣል፤ ነዳጁም በዚያው ልክ ይባክናል። የጫፍ ክፍተት የአሠራር ጉድለት ሳይሆን ለጥቂት ሰከንዶች ሲባል በየሰዓቱ የሚከፈል ዋስትና ነው። ክፍያው ውድ ነው ብሎ ክፍተቱን ያጠበበ ደግሞ ሌላ ዕዳ ይመጣበታል፤ አንድ ጊዜ የተፋቀ ብሌድ አይበቅልም። ከዚያ በኋላ ክፍተቱ እስከሚቀጥለው ትልቅ ጥገና ድረስ እንደሰፋ ይኖራል።

ይህ ሁሉ ኬዙ ክብ ሆኖ ይቀራል በሚል ግምት ነው። ግምቱ እንዴት እንደሚከዳ ዓለም ያየው በቦይንግ 747 ነው።

747 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1969 ነው። ያን ያህል ትልቅ አውሮፕላን ከዚያ በፊት መንገደኛ ጭኖ አያውቅም፤ ሞተሩም አዲስ ነበር። ፕራት ኤንድ ዊትኒ የሠራው ጄቲ9ዲ ይባላል፤ 43,500 ፓውንድ የመግፋት ኃይል ነበረው። በመሞከሪያ መደገፊያ ላይ ታስሮ ሲፈተን ያላሳየውን ዓመል ክንፍ ሥር ሲንጠለጠል አሳየ። ብሌዶቹ በአንድ በኩል እየተፋቁ ተገኙ፤ ነዳጅ ፍጆታው ጨመረ፤ የጭስ ማውጫው ሙቀት ናረ። ምክንያቱ ሲጣራ የሞተሩ ሽፋን ክብነቱን እያጣ እንቁላል መሰል ቅርፅ እየያዘ ነበር። ሞተሩ አውሮፕላኑን የሚገፋው በተያያዘበት ቦታ በኩል ነው፤ ያን ሁሉ ኃይል በጠባብ ቦታ ላይ ስላሳረፈው ኬዙ ተጣመመ። መጣመሙ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነበር። አንድ ሚሊሜትር ስንት እንደሆነ አሁን እናውቃለን፤ የጫፍ ክፍተቱን እጥፍ ነው። ባንድ በኩል ብሌዱ ግድግዳውን ይፍቃል፣ በሌላው በኩል ለአየሩ በር ይከፈታል፤ የተፋቀውም ኬዙ ወደ ክብነቱ ሲመለስ ዙሪያውን ሁሉ ክፍት ይሆናል።

መፍትሔው ከአየር ፍሰት ጥናት ጋር ምንም የሚያገናኘው የለም፤ ለዚህም ነው ታሪኩን የምወደው። ሹካ መሰል ቀንበር ተሠራና የመግፋቱ ኃይል በሁለት ነጥብ ተከፍሎ በኬዙ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። ይህ እስኪሆንና ሞተሮቹ እስኪደርሱ ድረስ በዋሽንግተን ግዛት ኤቨረት ከተማ ባለው የቦይንግ ፋብሪካ ግቢ ሥራቸው ያለቀ አውሮፕላኖች ሞተር አጥተው ተሰለፉ። ክንፎቹ ሚዛናቸውን እንዳይስቱ በሞተሩ ፋንታ የኮንክሪት ብሎኬት ተንጠለጠለባቸው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ አሜሪካኖች ለአውሮፕላን ነዳጅ ቁጠባ ከፍተኛ ገንዘብ መደቡ፤ ናሳም ከፕራት ኤንድ ዊትኒና ከጄነራል ኤሌክትሪክ ጋር ሆኖ አንድ የቆየ ጥያቄ አነሳ፦ አዲስ ሞተር በጥቂት የመጀመሪያ በረራዎች ውስጥ ቅልጥፍናውን የሚቀንሰው ለምንድን ነው? ገና አላረጀም፤ አልቆሸሸም። ተመራማሪዎቹ ጄቲ9ዲውን በመሞከሪያ ውስጥ አስገብተው ዙሪያውን በቀበቶ ጠፍረው በገመድ ሳቡት፤ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ላይ ሲያነሳ ነፋሱ በሞተሩ አፍ ላይ የሚያሳርፈውን ጫና ለማስመሰል ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ በራጅ ያዩት ነበር፤ የጫፍ ክፍተቱን ከውጭ ሆነው ለመከታተል ነው። መልሱም ተገኘ። ከመሬት ላይ ሲነሳ የሚመጣው የነፋስ ጫና ሞተሩን እንደ ዘንግ ያጎብጠዋል፤ ብሌዶቹ በዚያች ቅጽበት ይፋቃሉ፤ ክፍተቱ ይሰፋል። አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ በረራዎች ነው፤ ሊፋቅ የሚችለው ያኔ ስለሚፋቅ። ፋብሪካው በስንት ድካም ያጠበበውን ክፍተት ሰማዩ በራሱ ልክ አስተካከለው።

መሐንዲሶቹ መፋቅን ማስቀረት እንደማይችሉ ሲገባቸው መፋቁን ገራም አደረጉት። የኬዙ ውስጠኛ ገጽ ብሌዱን የማይጎዳ ለስላሳ ነገር ይቀባል፤ በኮምፕረሰሩ የፊት ክፍል የአሉሚኒየምና ሲሊከን ዱቄት ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ፣ ሞቅ ወዳለው ኋላ ኒኬልና ግራፋይት። ብሌዱ ሲነካው የሚቆረጠው ሽፋኑ ነው፤ ብሌዱ ራሱ የሚሄድበትን ቦይ ይቆፍራል፣ ከዚያ በላይም አይሰፋም። ቁጠባ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቲታኒየም ብሌድ የቲታኒየም ኬዝ ላይ አጥብቆ ቢፋቅ ብረቱ ራሱ ሊነድ ይችላል፤ የቲታኒየም እሳት ደግሞ በሰከንዶች ውስጥ ኬዙን በስቶ ይወጣል። በጥገና ቤትም የሮተሩ ብሌዶች ጫፍ ሲሞረድ ሮተሩን በኃይል እያዞሩ ነው፤ ብሌዶቹ በሥራ ላይ እንደሚሆኑት ወደ ውጭ ተስበው እንዲስተካከሉ። በኬዙ በኩል ደግሞ ሲሞቁ ብዙ የማይሰፉ ኢንኮሎይ 909ን የመሳሰሉ ቅይጦች መጡ።

ከሁሉም ብልሃት የሞላበት መፍትሔ ግን ኬዙን ማቀዝቀዝ ነው። በበረራ ላይ ሁሉ ነገር ሲረጋጋ ኮምፒዩተሩ ቫልቭ ይከፍትና ቀዝቃዛ አየር ኬዙን ከውጭ እንዲነፋው ያደርጋል፤ ኬዙ ይሰበሰባል፣ ክፍተቱ ይጠባል። ኃይል ሲጠየቅ አየሩ ይቋረጣል። የተለመደው በተርባይኑ በኩል ነው። የናሳ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት በከፍተኛ ግፊት ተርባይን ላይ ሩብ ሚሊሜትር የጫፍ ክፍተት ማጥበብ የሞተሩን ነዳጅ ፍጆታ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በኮምፕረሰር ላይ ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት ብዙ አልተለመደም፤ እንደኔ ግን ከዚህ የቀረ ትልቅ ሥራ የለም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ነዳጅ ነው። የጫፍ ክፍተት ሌላ፣ አስፈሪ ፊት አለው። ኮምፕረሰሩ አየሩን ወደ ዳገት የሚገፋው እስከ አንድ ልክ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ አየሩ ይረታል። በጫፉ ላይ ያለው አዙሪት ሸክሙ ሲበዛ ወደ ብሌዱ ግንባር እየተጠጋ ይመጣል፤ መተላለፊያውን ሲዘጋው በዚያ ቦታ ፍሰቱ ይቆማል፣ መቆሙም ከብሌድ ወደ ብሌድ ይዞራል። ይህ ስቶል ነው። ከባሰ የተጨመቀው አየር በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ይመለሳል፤ እሱ ሰርጅ ይባላል። መንገደኞች የመድፍ ተኩስ የሚመስል ድምፅ ይሰማሉ፣ በሞተሩ አፍም ሆነ በኋላው እሳት ሊታይ ይችላል። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ወደዚህ የሚያደርሰው መንገድ ያጥራል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ያረጀ፣ ክፍተቱ የሰፋ ሞተር እንኳ እንዳይደነግጥ አዲሱንም ጭምር ከገደሉ ራቅ አድርጎ ያሠራዋል፤ ከገደሉ መራቅ ደግሞ ራሱ ቅልጥፍና ያስከፍላል። ለሊቃውንቱ ይህ ከነዳጁ የበለጠ ያሳስባቸዋል ብል አልተሳሳትሁም።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ሁሉ ጠንክሮ ይሰማል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ያን ያህል ስስ አየር ተቀብሎ ከባድ አውሮፕላን ለማንሳት ሞተሩ ወደ ሙቀት ወሰኑ ይጠጋል። የሞተር ባለሙያ በየበረራው የሚከታተለው ከወሰኑ ምን ያህል ዲግሪ እንደቀረው ነው። የጫፍ ክፍተት ሲሰፋ ኮምፕረሰሩ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያንን ለመስጠት ተጨማሪ ነዳጅ ይቃጠላል፤ የቀረው ዲግሪ ይመነምናል። ሲያልቅ ሞተሩ ከክንፉ ወርዶ ጥገና ቤት ይገባል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ የአሸዋ ብናኝ ኮምፕረሰር ውስጥ ሲገባ መሽከርከሩ ወደ ውጭ ይወረውረዋል፤ የሚያርፈው በትክክል በብሌዱ ጫፍና በለስላሳው የኬዝ ሽፋን ላይ ነው።

የቆመ ሞተርም ሰላም የለውም። ሲጠፋ ውስጡ ያለው ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፤ የሮተሩ የላይኛው ጎን ከታችኛው ይሞቅና ዘንጉ በጥቂቱ ይጎብጣል። እንደጎበጠ ቢነሳ ብሌዶቹ ይፋቃሉ። የአዳዲሶቹ ሞተሮች ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ይህ ዱሮ ሊታለፍ የሚችል ነገር ጎልቶ ወጣ። ኤርባስ ኤ320ኒዮ ሥራ በጀመረበት በ2016 መጀመሪያ የፕራት ኤንድ ዊትኒ አዲሱ ሞተር ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅበት ነበር፤ ኳታር ኤርዌይስ የመጀመሪያዎቹን አውሮፕላኖች አልረከብም አለ፣ ቀዳሚነቱም ለሉፍታንዛ ሆነ። በ737 ማክስ ላይ ያለው ሊፕ ሞተርም ነዳጅ ከመለቀቁ በፊት ሮተሩን በባዶ እያዞረ ጉብጠቱን ያቃናል። በአየር መንገዳችን ማክስ ተሳፍራችሁ ሞተሩ ሲነሳ ከዱሮዎቹ 737ዎች የዘገየ ከመሰላችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

የመጪው ዘመን ነፋስ ደግሞ በተቃራኒ ይነፍሳል። ነዳጅ ለመቆጠብ የሞተሩ ፊት ያለው ትልቅ ማራገቢያ እየሰፋ፣ መሐሉ ያለው ዋናው ሞተር እየጠበበ፣ ግፊቱም እየጨመረ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የመጨረሻዎቹ የኮምፕረሰር ብሌዶች እያጠሩ ነው፤ ናሳ በሚያጠናቸው ጠባብ ሞተሮች ቁመታቸው ከአሥራ ሦስት ሚሊሜትር በታች ይወርዳል። ክፍተቱ ግን አብሮ አያጥርም፤ የሙቀቱ ማደግ፣ የኬዙ መጣመም፣ የዘንጉ መጎበጥ በብሌዱ ቁመት አይወሰኑም። ግማሽ ሚሊሜትር ለአሥራ ሦስት ሚሊሜትር ብሌድ ወደ 4 በመቶ ነው። በቀደመው መለኪያ ራሳችሁ አስሉት።

ትናንሾቹ ሞተሮች ይህን ጥያቄ ቀድመው መልሰውታል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር የሚመላለሱት ኪው400 አውሮፕላኖች ፒደብሊው150ኤ የሚባል ሞተር አላቸው። ኮምፕረሰሩ በሦስት ተራ የብሌድ ደረጃዎች ይጀምርና ብሌዶቹ አጥረው ክፍተቱ ሊበላቸው ሲል ረድፉን ይተዋል፤ በእሱ ፋንታ አንድ ጠንካራ ጎማ አየሩን ከመሐል ተቀብሎ ወደ ዳር ይወረውረዋል። ሴንትሪፉጋል የሚባለው ነው። በዚህ ጎማ ውስጥ ከግፊቱ ትልቁ ክፍል የሚገኘው አየሩ ከመሐል ወደ ዳር ሲጓዝ ከመሽከርከሩ በመሆኑ በጫፉ በኩል የሚሾልከው ያን ያህል አያከስረውም። ከትልቅና በጥሩ ሁኔታ ከተሠራ ባለ ረድፍ ኮምፕረሰር ጋር ሲወዳደር ቅልጥፍናው ያንሳል፤ ስፋቱም ትልቅ ሞተር ውስጥ አይመችም። ብሌዱ እጅግ ሲያጥር ግን ውድድሩ ይገለበጣል፤ ስለ ነገዎቹ ትልልቅ ሞተሮች በሚጠኑት ንድፎች ውስጥም የመጨረሻዎቹን ጥቂት ረድፎች አውጥቶ በአንድ ሴንትሪፉጋል ጎማ መተካት ከአማራጮቹ አንዱ ሆኗል።